ከሴቴ ሞልድ የሚወጣ የኢፖክሲ ጀልባ፦ ገጹን ከሰም እስከ መጨረሻው ቀለም

ፖሊስተርም ኢፖክሲም የብርጭቆ ክር ጨርቅን የሚያጠነክሩ ፈሳሽ ሙጫዎች ናቸው፤ ሴቴ ሞልድ ደግሞ ጀልባው ውስጡ የሚሠራበት ጎድጓዳ ቅርጽ ነው። በፖሊስተር ሲሠራ የቆየ ሰው ወደ ኢፖክሲ ሲዞር መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከሞልዱ ሲወጣ ያብረቀርቃል ወይ?» ብሎ ነው። ሊያብረቀርቅ ይችላል፤ ግን አይቆይም። ፀሐይ ኢፖክሲን ትበላዋለች። መጀመሪያ ቢጫ ያደርጋል፣ ቀጥሎ ይደበዝዛል፣ በመጨረሻም በእጅ ሲያብሱት ዱቄት ይለቃል። ስለዚህ የኢፖክሲ ጀልባ ሁልጊዜ ይቀባል፤ ድምቀቱ የሚመጣው ከቀለሙ ነው። ከሞልዱ የምንጠብቀው ሌላ ነገር ነው፤ ያልጎበጠ መስመር፣ ቀዳዳ የሌለው ገጽ፣ ሰም ያልቀረበት ንጹሕ አካል። እነዚህ ሦስቱ ከተገኙ ቀለሙ ቀላል ነው። ካልተገኙ የትኛውም ውድ ቀለም አያድነውም።

ጎንደር ላይ የፀሐይዋ ጉዳት ከባሕር ዳርቻ አገር ይልቅ ይብሳል። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፤ ጣና ራሱ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። በሌላ በኩል ጣና ጨው አልባ ውኃ ነው፤ ጨው አልባ ውኃ ደግሞ በፖሊስተር ጀልባ ላይ ውኃ የቋጠረ እብጠት በማውጣት ከጨዋማው ይብሳል። ኢፖክሲ ይህን እጅግ በተሻለ ሁኔታ ይቋቋማል፤ እዚህ አካባቢ ኢፖክሲን ለመምረጥ አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው ነው።

ጀልኮትን መጀመሪያ እንተው

በብዛት የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀድሞ ይነገር። ለፖሊስተር የተገዛውን ጀልኮት (የጀልባው የውጭ ገጽ የሚሆን ባለቀለም ሽፋን) ሞልዱ ውስጥ ቀብቶ በላዩ በኢፖክሲ ጨርቅ መደረብ የሚያምር ጀልባ ያወጣል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ድንጋይ ሲነካው ጀልኮቱ በቅርፊት መልክ ይነሳል። ሁለቱ የሚያያዙት በደካማ ሁኔታ ነው። የተገላቢጦሹ ደግሞ ይብሳል፤ በደረቀ ኢፖክሲ ላይ ፖሊስተር ጀልኮት ከተቀባ በኢፖክሲው ማጠንከሪያ (ሀርድነር) ውስጥ ያለው አሚን የተባለ ኬሚካል ጀልኮቱን እንዳይጠነክር ያግደዋል፤ ሳምንት ቢቆይም ሲነኩት ያጣብቃል። የሁለቱን መጣበቅ ለማሻሻል ተብለው የሚሠሩ ልዩ ማያያዣዎች አሉ፤ በደንብ ካልተካኑባቸውና እንደ ልብ ካላገኟቸው አይመከሩም።

አስተማማኙ መንገድ ይህ ነው፦ ሞልዱ ውስጥ ከራሱ ከኢፖክሲው የተሠራ፣ የተወፈረና ነጭ ቀለም የገባበት የገጽ ሽፋን ይቀባል፤ በእሱ ላይ ጨርቁ ይነጠፋል፤ ከወጣ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ይሞረዳል፣ ኢፖክሲ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ መሠረት) ይቀባል፣ በባለሁለት ጣሳ (ቀለሙና ማጠንከሪያው ለየብቻ በሆነ) ፖሊዩሪቴን ቀለም ይጨረሳል።

ሞልዱ

ሴቴ ሞልድ ላይ ያለች ጭረት ሁሉ ጀልባው ላይ ተገልብጣ ትወጣለች፤ ሞልዱ ላይ የተሰነጠቀው ጀልባው ላይ ጉብታ ይሆናል። ጉብታ በሁለት ደቂቃ ይሞረዳል፤ ሞልዱ ላይ ያለ ጉብታ ግን ጀልባው ላይ ጎድጓዳ ስለሚያወጣ መሙያ ይፈልጋል። ስለዚህ ሞልዱን ስታስተካክሉ ጉብታውን በጥንቃቄ አጥፉ፤ ለቅንጣት ጭረት ግን አትጨነቁ። ጀልባው ስለሚቀባ ከ800 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አልፎ እስከ 1200 መሄድ የግድ አይደለም። 400፣ 600፣ 800 ከውኃ ጋር፣ ከዚያም አንድ ጊዜ ኮምፓውንድ (የማለስለሻ ቅባት) ይበቃል። ሞልዱን ማብለጭለጭ የሚጠቅመው ለማላቀቅ ነው።

ሰሙ ሲሊኮን የሌለበት የካርናውባ ሰም መሆን አለበት። የመኪና ማብረቅረቂያ ብዙውን ጊዜ ሲሊኮን አለበት። ሲሊኮን ከሞልዱ ወደ ጀልባው ይተላለፍና ቀለም ሲቀባ ክብ ክብ እየሆነ ይሸሻል፤ በዚያ ሰዓት ምንጩን ማወቅም ማጥፋትም ይቸግራል። አዲስ ሞልድ 6 ጊዜ ይሰማል። በየመሃሉ አንድ ሰዓት ያህል ይጠበቃል፣ ከሦስተኛው በኋላ ይታደራል። እያንዳንዱ ዙር በንጹሕ ጥጥ ጨርቅ ተወልውሎ ማለቅ አለበት፤ ሳይወለወል የቀረ የሰም ዱካ በጀልባው ገጽ ላይ ይታተማል። ብዙ ጊዜ ጀልባ የወጣበት ሞልድ 1 ወይም 2 ዙር ይበቃዋል።

ሰሙ መድረሱን ለማወቅ ተራ የወረቀት ፕላስተር ቆርጣችሁ ጠርዝ፣ ማዕዘንና መሃል ላይ እየለጠፋችሁ ንቀሉ። በቀላሉ ከተላቀቀ ሰም አለ፤ ከያዘ የለም። ኢፖክሲ በባሕርዩ ሙጫ ነው። ሰም በሳተው ቦታ ከሞልዱ ጋር ከተጣበቀ የሚለየው አንዱ ሲሰበር ነው።

ለዚህም ነው ከሰሙ በላይ ፒቪኤ የምንጨምረው። ፒቪኤ በውኃ የሚሟሟ ስስ ፕላስቲክ ትቶ የሚደርቅ ፈሳሽ ነው። በስስ ሦስት ጊዜ ይረጫል፤ የመጀመሪያው ጤዛ የሚመስል ርጭት ብቻ፣ ሁለቱ ደግሞ ሙሉ። መብራት ከጠፋና ኮምፕሬሰር ከሌለ በለስላሳ ስፖንጅ በአንድ አቅጣጫ መቀባት ይቻላል፤ መስመሩ በጀልባው ላይ ቢታይም በብርጭቆ ወረቀት ይሄዳል። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ኢፖክሲ አታስነኩት። ግማሽ እርጥብ የሆነ ፒቪኤ ይሸበሸባል፣ ገጹም ከእሱ ጋር ይሸበሸባል። በእጃችሁ ጀርባ ዳስሱት፤ ቅዝቃዜ ከተሰማችሁ ገና ነው።

ሰዓትና አየር

ምርጡ ጊዜ ከኅዳር እስከ ግንቦት ያለው በጋ ነው። በክረምት፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ፣ መሥራት አይቻልም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን እርጥበቱ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተባብሮ ኢፖክሲው ላይ የሚያዳልጥ፣ ሰም የመሰለ ሽፋን ያወጣል። በላዩ የተደረበ ሁሉ አይይዝም። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ንጹሕ ውኃና አረንጓዴው የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ። ቲነር ወይም አሴቶን ይህን ሽፋን አያሟሟውም፣ ያዳርሰዋል እንጂ። መጀመሪያ በውኃ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ በኋላ ነው በብርጭቆ ወረቀት የሚሞረደው። ቅደም ተከተሉ ከተገላበጠ ሽፋኑ ወደ ጭረቱ ውስጥ ይገባል።

ሌሊቱ ሲበርድ ወርክሾፑን በከሰል ምድጃ ማሞቅ ብዙ ቦታ ይታያል። እባካችሁ አታድርጉት። የከሰል ጭስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስላለበት ያን የሚያዳልጥ ሽፋን በገዛ እጃችን መጥራት ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ደግሞ ሰው ይገድላል። የላምባ ምድጃም እንዲሁ ነው፤ ሲነድ ውኃም ያተናል። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከሌለ ሞልዱን በብርድ ልብስና በላስቲክ መሸፈን ከምንም ይሻላል። ሙቀት በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ኢፖክሲው ለመጠንከር እጥፍ ጊዜ እንደሚፈልግ አስቡ። በ25 ዲግሪ በቀን የሚደርሰው በ15 ዲግሪ ሁለት ቀን ይፈልጋል።

ሥራ የሚጀመረው ሞልዱ የሌሊቱን ቅዝቃዜ ሲለቅ ነው፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ። ቀዝቃዛ ሞልድ ላይ የማይታይ ጤዛ አለ፤ በተለይ ሥራው ጎርጎራ ሐይቁ ዳር ከሆነ። ሞልዱን ፀሐይ ላይ ማውጣትም አይሆንም፤ ከጥላ ወደ ፀሐይ የሄደ ሞልድ ውስጥ አየር እየሰፋ በአዲሱ ሽፋን አረፋ ይሠራል። ጥላ ሥር፣ ሙቀቱ ከ18 እስከ 28 ዲግሪ ሆኖ ብዙ ሳይለዋወጥ ይቆይ።

ሌላ የብርድ ጣጣ፦ ሬዚኑ (ዋናው የኢፖክሲ ፈሳሽ) በቀዝቃዛ ሌሊት ደፍርሶ ወይም ስኳር የመሰለ ቅንጣት ይዞ ከተገኘ አልተበላሸም። ጣሳውን 50 ዲግሪ በሚሆን ውኃ ውስጥ አስቀምጡት፤ እስኪጠራ ይሙቅ፣ ይማሰል፣ ከዚያ ወደ ክፍሉ ሙቀት ይመለስ። ደፍርሶ ሳለ ከተመዘነ ልኬቱ ይዛባል።

የገጽ ሽፋን

ለምሳሌ 4.5 ሜትር የሚሆን ትንሽ ጀልባ የውጭ ገጹ 10 ካሬ ሜትር ገደማ ነው እንበል። ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 400 ግራም ድብልቅ ስናሰላ 4 ኪሎ ይመጣል፤ ውፍረቱ 0.35 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ከዚህ ከቀነሰ፣ በኋላ ሲሞረድ ጨርቁ ይገለጣል፤ እጅግ ከበዛ ደግሞ ሽፋኑ በጨርቅ ያልተደገፈ ስለሆነ ሲመታ ይሰነጠቃል።

በ4 ኪሎው ላይ ለኢፖክሲ የተዘጋጀ ነጭ ማቅለሚያ 5 በመቶ፣ ማለትም 200 ግራም፣ እና ኮሎይዳል ሲሊካ (የማወፈሪያ ዱቄት) 4 በመቶ፣ ማለትም 160 ግራም ይገባል። 160 ግራም ሲባል ጥቂት ይመስላል፤ ዱቄቱ እጅግ ቀላል ስለሆነ ግን ከ3 ሊትር በላይ ቦታ ይይዛል። ወደ ሳንባ እንዳይገባ ጭምብል አድርጉ፣ ነፋስ ባለበት አትክፈቱት። ማቅለሚያው ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ ኢፖክሲውን ያላላዋል። ነጩ ቀለም ለውበት አይደለም የገባው፤ በኋላ ስትሞርዱ ነጩ አልቆ ቢጫማው ጨርቅ ብቅ ሲል ማቆም እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትደባልቁ። ከ300 እስከ 400 ግራም በአንድ ዙር ይበቃል። ሬዚንና ሀርድነር በሚዛን ይለካሉ። ጣሳው ላይ የክብደት ልኬትና የመጠን ልኬት ሁለቱም ሊጻፉ ይችላሉ፤ ሀርድነሩ ከሬዚኑ ስለሚቀል ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ በመጠን 2 ለ 1 የተባለውን በሚዛን 2 ለ 1 የመዘነ ሰው አበላሸው። ቶሎ እንዲደርቅ ብሎ ሀርድነር መጨመር የፖሊስተር ልማድ ነው፤ እዚህ ትርፉ ሀርድነር ሳይያያዝ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፤ ያ ሥራ ከነጨርቁ ተፍቆ ከመጣል ሌላ መላ የለውም። ልኬቱ ካለቀ በኋላ ጎኑንና ሥሩን እየፋቃችሁ 3 ደቂቃ በጠፍጣፋ እንጨት ዝግ ብላችሁ አማስሉ። በድሪል ማማሰል አየር ያስገባል፤ ያ አየር ነው በኋላ የመርፌ ቀዳዳ የሚሆነው። ማቅለሚያው አስቀድሞ ሬዚኑ ውስጥ ቢገባ ይመረጣል፤ ሲሊካው ደግሞ በመጨረሻ፣ ሬዚንና ሀርድነሩ ከተዋሐዱ በኋላ። ድብልቁ ወፍራም ሽሮ ሲመስል፣ ከብሩሹ ሲንጠባጠብ ቅርጹን ሲይዝ ደርሷል። ወዲያው ሰፊ ትሪ ላይ አፍስሱት፤ ጠባብ ኩባያ ውስጥ ከቆየ ራሱን ያሞቃል፣ ያጨሳል፣ ይደነድናል።

የመጀመሪያው ዙር ስስ ነው፤ በካሬ 150 ግራም፣ ጠጉሩ አጭር በሆነ ብሩሽ እየተገፋ። እዚህ ላይ ሰሙ ሽፋኑን ሊገፋው ይችላል። ቀብታችሁ ከጨረሳችሁ ከ10 ደቂቃ በኋላ በባትሪ ብርሃን ከጎን ስታዩት ሽፋኑ ወደ ኋላ ሸሽቶ ጠርዙ ያበጠ ክብ ባዶ ቦታ ይታያል፤ መሃሉ ላይ የፒቪኤው ቀለም ብቅ ይላል። አትደንግጡ። ድብልቁ መወፈር ሲጀምር በዚያው ብሩሽ ሳትጨምሩ ደግማችሁ ግፉት፤ በሁለተኛው ግፊት ይቆማል። አሁንም ከሸሸ ሲሊካ አንሷል፤ ወይም ሞልዱ በርዷል፤ ወይም ሲሊኮን አለ።

ሁለተኛው ዙር 250 ግራም ነው፤ የመጀመሪያው በጓንት ሲነካ ሲያጣብቅ ነገር ግን ጓንቱ ላይ ነጭ ሳይተው። በ22 ዲግሪና በመካከለኛ ፍጥነት በሚያጠነክር ሀርድነር ይህ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይወስዳል፤ ግን ሰዓቱን ሳይሆን ጓንቱን እመኑ። ጨርቁም የሚነጠፈው ሁለተኛው ዙር እዚያው ደረጃ ላይ ሲደርስ ነው። ያኔ ሁለቱ በኬሚካል ይያያዛሉ። ሰዓቱ ካመለጠና ሽፋኑ ከደረቀ በውኃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በ120 ቁጥር መጫር አለበት፤ 0.35 ሚሊ ሜትር ላይ መጫር ደግሞ እጅግ ያስጨንቃል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ሰው ያዙ፤ ጨርቁን ከአንድ ቀን በፊት ቆርጣችሁ፣ ቁጥር ሰጥታችሁ፣ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ።

የመጀመሪያዎቹ ጨርቆች

ከገጹ ሥር የሚመጣው ጨርቅ ስስ መሆን አለበት፤ በካሬ ከ160 እስከ 200 ግራም የሆነ ሽመና፣ ሁለት ንጣፍ። ወፍራም ጨርቅ ወዲያው ከተነጠፈ ኢፖክሲው ሲኮማተር የሽመናው ካሬ በቀለሙ ላይ ያብጣል፤ በተለይ ጀልባው ፀሐይ ላይ ከዋለ በኋላ።

ለፖሊስተር የሚሸጠውን ማት (ከተቆራረጡ የብርጭቆ ክሮች የተጣበቀ ንጣፍ) አታስገቡ። ክሮቹን የያዘው ማጣበቂያ የሚሟሟው በፖሊስተር ውስጥ ባለው ስታይሪን ነው፤ ኢፖክሲ ስታይሪን የለውም። ማቱ ድርቅ ብሎ ይቀራል፣ ነጭ ነጭ ይመታል፣ ማዕዘን ላይ አይተኛም፣ ሬዚን ግን ያለ ልክ ይጠጣል።

ጨርቅ ከመንጠፉ በፊት ሹል ማዕዘኖች ሁሉ፣ የጀልባው አፍንጫ፣ የኋላው ግድግዳና የታችኛው መሃል ሸንተረር፣ በተወፈረ ኢፖክሲ በ8 ሚሊ ሜትር ክብነት መሞላት አለባቸው። ጨርቅ ሹል ማዕዘን ውስጥ አይገባም፤ ድልድይ ሠርቶ ከሥሩ አየር ይተዋል። ጀልባው ከወጣ በኋላ ጠርዙን በሳንቲም ስታንኳኩ ድምፁ የሚለወጠው እዚያ ነው፤ ዳር ላይ ሲጎተት መጀመሪያ የሚሰበረውም እዚያው ነው። ለዚህ የሚሆነው ድብልቅ ሲሊካው በርክቶ ስፓቱላው ሲገለበጥ የማይወድቀው ነው።

የሬዚኑ ክብደት ከጨርቁ ክብደት ጋር እኩል ይሁን፤ በካሬ 200 ግራም ለሆነ ጨርቅ 200 ግራም። አየሩ በጥርሳሙ የአሉሚኒየም ሮለር ከመሃል ወደ ዳር ይወጣል። አጥብቃችሁ አትጫኑት፤ ገና ያልጠነከረውን ነጭ ሽፋን ገፍቶ ያሳሳዋል።

በቫኪዩም (ጨርቁን በላስቲክ ሸፍናችሁ አየሩን በፓምፕ እየመጠጣችሁ) ለምትሠሩ አንድ ነገር፦ ጎንደር ላይ የአየሩ ግፊት ራሱ 0.78 ባር አካባቢ ነው። ጌጁ ከዚያ በላይ አልወርድ ሲል ፓምፑን ፈትቶ ማደስ ወይም በላስቲኩ ላይ ቀዳዳ ሲፈልጉ መዋል ዋጋ የለውም። 0.7 ከደረሰና ፓምፑ ጠፍቶ ለግማሽ ሰዓት ከያዘ ላስቲኩ ደኅና ነው። የመጫኛው ኃይል ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ስለሚቀንስ ግን ማዕዘኖቹን በእጅ ማስተኛት እዚህ የበለጠ ያስፈልጋል።

ከሞልድ ሳይወጣ

ቶሎ ማውጣት የመስመሩ ጠላት ነው። ግማሽ የጠነከረ ጀልባ ከሞልዱ ሲወጣ ይጣመማል፣ የሽመናው ህትመትም በኋላ ብቅ ይላል። በ20 ዲግሪ ቢያንስ 5 ቀን ይቆይ። ከዚያም እዚያው ሞልዱ ውስጥ ይሙቅ፤ በቆርቆሮ ወይም በእንጨት ቋሚ ላይ ጥቁር ላስቲክ ዘርግቶ በበጋ ፀሐይ ድንኳን ማበጀት ይቻላል። ላይና ታች ሁለት ቴርሞሜትር ይንጠልጠል። በሰዓት ከ10 ዲግሪ ሳይበልጥ እየጨመረ እስከ 50 ይድረስ፣ ለ8 ሰዓት ያህል ይቆይ፤ አንድ ቀን ካልበቃ በማግሥቱ ይደገም። ሞልዱ ጂፕሰም ወይም ኮምፔንሳቶ ከሆነ ከ45 አታሳልፉት፤ እሱ ራሱ ይጣመማል። ከሞቀ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ይቀዝቅዝ።

ለማውጣት የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ሽብልቅ ዙሪያውን በየ40 ሴንቲ ሜትሩ ቀስ በቀስ ይገባል፤ አንዱን ጎን ብቻ አትምቱ። ክፍተት ሲፈጠር ለብ ያለ ውኃ አፍስሱ፤ ፒቪኤው ይሟሟል። ሞልዱን ከውጭ በላስቲክ መዶሻ እያንኳኳችሁ ተራ በተራ ዙሩ፤ ሲላቀቅ ድምፁ ይለወጣል። ካቻቢቴ ከገባ ሞልዱም ጀልባውም ይቆስላሉ።

መታጠብ፣ መመርመር

ጀልባው ወጥቷል፤ ብርጭቆ ወረቀቱን አርቁት። መጀመሪያ ፒቪኤው በለብታ ውኃና ስፖንጅ ይታጠባል። ከደረቀ በኋላ ሰሙ በሰም ማስወገጃ ወይም በአሴቶን በሁለት ጨርቅ ይጠረጋል፤ አንዱ እርጥብ፣ ሌላው ደረቅ፣ ወዲያው ተከትሎ። ጨርቁ በየካሬው ይቀየር፤ አለዚያ ሰሙ ቦታ ይለውጣል እንጂ አይለቅም። ከዚያ ንጹሕ ውኃ ርጩበት። ውኃው ወጥ ሆኖ ከተዘረጋ ንጹሕ ነው፤ ነጠብጣብ እየሆነ ከተሰበሰበ ሰም አለ፣ ድገሙት። ሰም ሳለ መሞረድ ሰሙን በጭረቱ ውስጥ መቅበር ነው፤ ከስድስት ወር በኋላ ቀለሙ የሚላጠው በዚህ ነው።

አሁን በጨለማ ክፍል ባትሪውን ከገጹ ጋር አስተኝታችሁ ተመልከቱ። የመርፌ ቀዳዳዎች ተሰብስበው ከታዩ ድብልቁ አየር ይዞ ነበር። ማዕዘን ላይ ሞላላ ጉድጓድ ካለ ጨርቁ ድልድይ ሠርቷል፤ በመሮ ይከፈት፣ እስከ ጠንካራው ይወገድ፣ ይሞላ። ካሬ ካሬ የሽመና ህትመት ካለ ወይ ሽፋኑ ስስ ነበር፣ ወይ ከሞልድ ቶሎ ወጥቷል፤ ከመሞረዱ በፊት አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ይዋልና ህትመቱ ወጥቶ ይለቅ። ሰፊ ሞገድ ካለ ጠንክሮ ሳያልቅ ከሞልዱ ተላቋል፤ ብዙውን ጊዜ ሬዚን በበዛበትና በሞቀበት ቦታ ነው።

ለመሙያ የመኪና ስቱኮ አትጠቀሙ። ፖሊስተር ነው፤ ኢፖክሲ ላይ በደካማው ይይዛል፣ ውኃም ይጠጣል። ኢፖክሲውን ራሱን በማይክሮባሉን (ውስጣቸው ባዶ በሆኑ ደቃቅ ኳሶች ዱቄት) እስከማይንጠባጠብ ድረስ አወፍሩ፣ ጥቂት ሲሊካ ጨምሩ። የመርፌ ቀዳዳ ግን ወፍራም አይቀበልም፤ አየሩ ከሥር ታፍኖ ይቀራል። ጥርብ ስፓቱላ ይዛችሁ ጥቂት ሲሊካ ብቻ የገባበትን ቀጭን ኢፖክሲ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ እየገፋችሁ አስገቡት፤ ከፈዘዘ በኋላ ድገሙት።

ሙረዳና ቀለም

ሙረዳ በእጅ መዳፍ አይሆንም፤ መዳፍ ጎድጓዳውን ይከተላል። 60 ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ ከ4 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ የተቆረጠና ጀልባው ላይ የሚጎብጥ ጣውላ ላይ 80 ቁጥር ለጥፉ፤ በ45 ዲግሪ አግድም ወደ አንድ ጎን፣ ቀጥሎ ወደ ሌላው። ከመጀመራችሁ በፊት ገጹን በከሰል ዱቄት ወይም በስስ ጥቁር ርጭት አጥቁሩት። ጥቁሩ የቀረበት ዝቅ ያለ ቦታ ነው፤ እዚያ መሙያ ጨምሩበት እንጂ አትቆፍሩ። ቢጫማው ጨርቅ ብቅ ካለ አቁሙ። በ80 መስመሩ ከተስተካከለ በኋላ 120 እና 180 የ80ውን ጭረት ለማጥፋት ብቻ ናቸው።

ኢፖክሲ ፕራይመር ሦስት ዙር ይቀባል፤ ሁለት የተለያየ ቀለም ብትገዙ፣ ግራጫና ነጭ፣ ስትሞርዱ የት እንደደረሳችሁ ታውቃላችሁ። ከውኃ መስመር በታች ሲደርቅ 0.25 ሚሊ ሜትር መድረስ አለበት። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ከመስመሩ በታች ያለው 6 ካሬ ሜትር ነው ብንል፣ በ0.25 ሚሊ ሜትር ሲባዛ 1.5 ሊትር ደረቅ ነገር ነው። ጣሳው ላይ ጠጣሩ በመጠን 50 በመቶ ከተባለ 3 ሊትር ያስፈልጋል ማለት ነው፤ በሙረዳ የሚሄደውን ጨምሩበት። በ220 ከዚያም በ320 ከውኃ ጋር ይሞረዳል።

ለላዩ የመኪና ቀለም ቤት የሚደባልቀው ባለሁለት ጣሳ ፖሊዩሪቴን በሥራው ቀን ወጥቶ ማታ ወደ ዳር ለሚጎተት ጀልባ ይሆናል። ቀንና ሌሊት ውኃ ላይ የሚያድር ከሆነ ግን ከውኃ መስመር በታች ፖሊዩሪቴን ያብጣል፤ እዚያ ኢፖክሲው ወፍሮ በውኃ ውስጥ እንዲቆይ በተሠራ ቀለም ይጨረስ። ቀለሙ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ይሁን። ጥቁር ሰማያዊ ያምራል፤ የበጋ ፀሐይ ግን ጥቁር ገጽን ከ70 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል፤ በክፍል ሙቀት የጠነከረ ኢፖክሲ ደግሞ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ላይ መላላት ይጀምራል። ያ ሁሉ የተሞረደ የሽመና ህትመት ተመልሶ ይወጣል።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ቀቡ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አቧራ ያመጣል፤ ከ9 ሰዓት በኋላ የተቀባ ደግሞ ሳይይዝ ጤዛ ያገኘውና ይደበዝዛል። አየሩ ደረቅና ከፍታው ትልቅ ስለሆነ ቲነሩ ቶሎ ይተናል፤ ዝግ ብሎ የሚደርቀውን ቲነር ጠይቁ። መርጫ የግድ አይደለም። ሁለት ሰው ሆናችሁ፣ አንዱ በስፖንጅ ሮለር 60 በ60 ሴንቲ ሜትር እያዳረሰ፣ ሌላው ጫፉ ደረቅ በሆነ ለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች አረፋውን እየዳሰሰ ብትከተሉ ከመርጫ የማይለይ ገጽ ታገኛላችሁ። ሦስት ስስ ዙር፣ ለ10 ካሬ 3 ሊትር ገደማ። ከረጫችሁ ግን ተራ የአቧራ ጭምብል አይበቃም፤ የፖሊዩሪቴን ሀርድነር አይሶሳይኔት ስላለበት ንጹሕ አየር ከውጭ በቱቦ የሚያመጣ ጭምብል ይፈልጋል፤ አንዴ አስም ካስያዘ አይለቅም። ኢፖክሲም ቆዳን ያስቆጣል፤ ናይትራይል ጓንት ይደረግ፣ እጅ ላይ ከፈሰሰ በሳሙና እንጂ በቲነር አይታጠብ፤ ቲነር ወደ ቆዳ ያስገባዋል።

ውኃ ከመንካቱ በፊት 7 ቀን ጥላ ሥር ይቆይ። ወደ ጎርጎራ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጫን ላስቲክ በቀጥታ አትጠቅልሉበት፤ ከሥሩ እርጥበት ታፍኖ አዲሱ ቀለም ላይ ነጭ ምልክት ይተዋል። የጥጥ ጨርቅና ፎም ይቅደም፣ ገመዱ ከዚያ በላይ ይሁን። የተረፈውን ቀለምና ሀርድነር በየራሱ በትንሽ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልታችሁ አስቀምጡ፤ ሀርድነሩ የአየር እርጥበት ካገኘ ይረጋል። ዳር ላይ ድንጋይ ሲቧጭረው፣ ጭረቱ ፕራይመሩን ካላለፈ በ320 ዙሪያውን አለስልሳችሁ ሁለት ዙር ቀለም ይበቃል። ነጩን ሽፋን አልፎ ጨርቁ ከታየ ግን ጀልባውን አውጥታችሁ ቢያንስ ሁለት ቀን አድርቁት፤ ኢፖክሲ ከሞላችሁ በኋላ ነው ወደ ፕራይመሩ የምትመለሱት።